ያልተደራጀው ቅርጫት

እኔ ሰው ሲቆጣኝ የማለቅስ ሴት አይደለሁም፤ እኔ ራሴ ስቆጣ ነው የማለቅሰው። ስለዚህ ሶዶ ውስጥ በአንድ መሰናዶ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ በነበርኩበት ዘመን ዓይኔ ከመስከረም እስከ ሰኔ ቀይ ነበር። ተማሪዎቹ «ቲቸር፣ ዓይንሽን ስክሪኑ ጎዳው» እያሉ ያዝኑልኛል። ስክሪኑ ምን በወጣው ይታማል! የጎዱኝ ስክሪኑ ላይ ያለውን የሚነካኩት ናቸው።

ለማያውቅ ሰው ሥራዬን ላስረዳ። ኮምፒውተር ሲከፈት ስክሪኑ ላይ ተደርድረው የሚታዩት ትንንሽ ሥዕሎች ሾርትከት ይባላሉ። ሥዕሏን ሁለቴ ስትጫኗት ፕሮግራሙ ይከፈታል። ሥዕሏ ግን ራሷ ፕሮግራሙ አይደለችም። የበር ደወል ናት እንጂ ቤቱ አይደለችም። ይህንን ለመምህራኑ ስንቴ እንደነገርኳቸው እኔና ፈጣሪ ነን የምናውቀው። አንዱ ደወሉን ነቅሎ ይጥልና «ቤቱ ጠፋብኝ» ብሎ ይመጣል። ሌላው ደወሉን በፍላሽ ገልብጦ በዴሳ ከተማ ድረስ ይወስድና «ቤቱ አልከፈት አለኝ» ብሎ ስልክ ይደውላል። እንዴት ይከፈት? ቤቱ እኮ ሶዶ ነው ያለው!

ሾርትከቶቹን በሙሉ የማስተዳድረው ሰርቨር ከሚባለው ትልቁ ኮምፒውተር ነበር። እዚያ ያስቀመጥኩት ነገር ክፍሉ ውስጥ ባሉት ማሽኖች ሁሉ ላይ ይታያል፤ ከእዚያ ያነሳሁት ደግሞ ከሁሉም ላይ ይጠፋል። አሠራሩን የዘረጋሁት እኔ ነኝ። ኩራት እንዳይመስልብኝ እንጂ በዞኑ ውስጥ እንዲህ የሚሠራ ሌላ ትምህርት ቤት አላውቅም ነበር። ይኸው ኩራቴ ነው በኋላ ጉድ የሠራኝ።

ወደ ሶዶ የመጣሁት ከዲምቱ በዝውውር ነው። ዲምቱ ላይ ክፉ አፍ የለኝም። ሰዉ እንግዳ አክባሪ ነው፤ ማንጎውም ማንጎ ነው። ግን ሙቀቱ! ግን ወባው! ከሁሉ ከሁሉ ደግሞ ባሌ ሶዶ፣ እኔ ዲምቱ። ከተጋባን ጀምሮ የምንገናኘው ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነበር። ቅዳሜን ለልብስ አጠባ፣ እሁድን ለቤተ ክርስቲያን ሰጥተን ለእኛ የሚተርፈን መናኸሪያ ቆመን መሰነባበት ብቻ ነበር። ዝውውሩ ሲፈቀድልኝ የትምህርት መምሪያው ኮሪደር ላይ እልል ብዬ ብጮህ ዘበኛው ሙሽራ የመጣች መስሎት ሮጦ በሩን ከፈተ። ከዚያ በኋላ በየማታው ከባሌ ጋር እራት መብላት እንደ ተአምር ይታየኝ ነበር። ዲምቱ የሚለውን ስም በሬዲዮ ስሰማ እንኳ ሬዲዮኑን እዘጋው ነበር።

ዘመኑ የአንድ ለአምስት ዘመን ነበር። ያንን ጊዜ የኖረ ያውቀዋል፤ ላልኖረው ግን አንድ መሪ፣ ከሥሩ አምስት አባላት ማለት ነው። ገበሬው አንድ ለአምስት፣ እናቶች አንድ ለአምስት፣ ተማሪው አንድ ለአምስት። የእኛ ትምህርት ቤት ዘበኞች ሦስት ብቻ ስለነበሩ አትክልተኛውንና ሁለት የጽዳት ሴቶችን ተበድረው ነው የሞላላቸው። እኛ መምህራኑ ደግሞ በየሳምንቱ እንሰበሰባለን፣ እንገማገማለን፣ ሻይ ጠጥተን እንበተናለን።

ርዕሰ መምህራችን ክፉ ሰው አልነበረም። የሰማውን ነገር ከልቡ የሚያምን ሰው ነበር፤ ይሄ ደግሞ ከክፋት ይብሳል። አማርኛው እንደ ብዙዎቻችን ሁለተኛ ቋንቋው ስለሆነ ኮምፒውተሩንም፣ ፕሪንተሩንም፣ እኔንም «እሱ» እያለ ይጠራን ነበር። አንድ ቀን ከዞን ሥልጠና ተመልሶ በቀጥታ የኔ ክፍል ገባና እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ የሰርቨሩ ስክሪን ፊት ቆመ።

«እነዚህስ?» አለኝ ሥዕሎቹን በጣቱ እየነካ።

«ሾርትከት ናቸው፣ ዳይሬክተር።»

«በማን ሥር ነው የተደራጁት?»

«በፊደል ተራ ነው የደረደርኳቸው።»

«ፊደል አመራር አይሆንም» አለ።

ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። ሳቄን እንደ ትኩስ የቦዬ ሥር ቅቅል ዋጥኩት።

«ስማ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ «ከዞን ገምጋሚ ቡድን ይመጣል። እያንዳንዱ ክፍል አደረጃጀቱ ይታያል። ያልተደራጀ ከተገኘ ሰርቨሩ ከነባለሙያው ወደ ዲምቱ ይዛወራል ተብሏል። እዚያ ሰው የላቸውም።»

ኧረ በጌታ! ወንበሩ ላይ ዘፍ አልኩ። «ዳይሬክተር፣ እስከ ነገ ይደራጃሉ» አልኩት።

ሾርትከቶቹ ሲቆጠሩ ሃያ አምስት ሆኑ። አራት መሪ፣ ከየሥራቸው አምስት አባል፣ ሃያ አራት። አንድ ተረፈ። የተረፈው ምን እንደሆነ ቆይቼ እነግራችኋለሁ፤ መጀመሪያ ግን የመሪ ምርጫውን ልጨርስ። እኔ በየዋህነት የመምህራን ክፍል ገብቼ «ማን ይምራ?» ብዬ ጠየቅኩ። ምነው ምላሴን በቆረጠው! የሒሳብ ክፍሉ ተጠሪ ካልኩሌተር መሪ ካልሆነ ፊርማዬን አላኖርም አለ። የእንግሊዝኛው መምህር መዝገበ ቃላቱን አቀረበ። «ካልኩሌተር በመዝገበ ቃላት ሥር? ቁጥር በወሬ ሊመራ?» ተባለ። የካርታ ጨዋታዋን ደብቄያት ነበር፤ አገኟት። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ የሆነው የኬሚስትሪ መምህራችን «ቁማር ነች፣ ትባረር» አለ። ርዕሰ መምህሩ ግን «አይባረርም። ድክመት ያለበት አባል በቡድኑ ውስጥ ይታረማል» ብሎ ኢንሳይክሎፒዲያው ሥር መደባት፤ ምክር እንዲሰጣት መሆኑ ነው።

እንግዲህ በአራቱ መሪዎች ስም አራት ፎልደር ከፈትኩና አባላቱን ውስጣቸው አስገባሁ። ርዕሰ መምህሩ «አባል ያለ መሪው አይገኝም» ስላለ ደብዳቤ መጻፍ የፈለገ ሰው መጀመሪያ ካልኩሌተርን መክፈት ነበረበት። ካልኩሌተር የፈለገ ግን ካልኩሌተር ውስጥ ገብቶ እንደገና ካልኩሌተርን ይፈልጋል። ክፍሉ ታመሰ። ተማሪዎቹ የጨዋታው መንፈስ ሲገባቸው ሾርትከቶቹን መገምገም ጀመሩ። አንዱ ቆሞ «ኤክሴል ቶሎ አይከፈትም፣ ባለጉዳይ ያመላልሳል» ሲል ሌላው ኤክሴልን ሆኖ «ሂሱን ተቀብያለሁ» ይላል። እኔ ጥግ ላይ ቆሜ በንዴት አለቅሳለሁ፣ እነሱ «ስክሪኑ ነው» እያሉ ያዝኑልኛል።

የተረፈው ሃያ አምስተኛው የቆሻሻ ቅርጫቱ ነበር። የማይፈለግ ነገር የሚጣልበት፣ ያችው የቅርጫት ሥዕል ያለችው። እሱን የሚያስጠጋ ቡድን ጠፋ። ቢያስጠጉትም አይገባም። ቅርጫቱ ፎልደር ውስጥ እንዳይገባ ሆኖ ነው የተሠራው፤ ጎትታችሁ ብትወስዱት ይመለሳል። ርዕሰ መምህሩ በየቀኑ እየመጣ ስክሪኑ ጥግ ላይ ብቻውን የተቀመጠውን ቅርጫት በሐዘን ያያል።

«አሁንም አልተደራጀም?»

«እምቢ ይላል፣ ዳይሬክተር።»

«በደንብ አስረድተኸዋል?»

«አስረድቼዋለሁ» አልኩ።

ገምጋሚዎቹ የሚመጡበት ጠዋት ነጠላዬን አጣጥፌ ለብሼ በር ላይ እንድቀበላቸው ታዘዝኩ። ርዕሰ መምህሩ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ክራባቱን አንገቱ እስኪያብጥ አጥብቆ፣ ሰርቨሩ ፊት ቁጭ አለ። «ምንም እንዳይነኩ፣ አደራ» አልኩት። «ምን እነካለሁ?» አለኝ ተቀይሞ።

የመጡት ሁለት ናቸው። አንዱ የቡድኑ መሪ፣ ግዙፍ ሰውዬ፤ ፈገግታውን በበጀት የሚያወጣ ይመስላል። ሌላዋ ቀና ሳትል የምትጽፍ ወጣት ባለሙያ። ይዣቸው ስገባ ርዕሰ መምህሩ ቆሟል፤ ፊቱ እንደ አመድ ሆኗል። ስክሪኑን አየሁት። ባዶ! አራቱም ፎልደሮች የሉም። ከዳር እስከ ዳር ሰማያዊ ሆኖ ጥጉ ላይ ቅርጫቱ ብቻ ቁጭ ብሏል።

እንግዶቹ ግድግዳው ላይ የለጠፍኩትን ሲያነቡ ጠጋ ብዬ «ምን አደረጉ?» አልኩት በሹክሹክታ።

«ስጎትተው ይመለሳል» አለኝ ላቡን እየጠረገ። «አባሉ ወደ ቡድኑ አልሄድም ካለ ቡድኑ ወደ አባሉ ይሂድ፣ ያወያየው ብዬ አራቱንም ወሰድኩለት። ከዚያ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ጠየቀኝ፤ አዎ አልኩት።»

«ምን ብሎ ነው የጠየቀዎት?»

«አላነበብኩም። ሲጠየቅ አዎ ነው የሚባለው።»

መሳቅ ፈለግኩ፤ ማልቀስም ፈለግኩ። መልሶ ማውጣቱ ለእኔ የአንድ ጠቅታ ሥራ ነበር፤ ግን ግዙፉ ሰውዬ ቀድሞኝ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ወንበሩ ሲጮህ የኔም ልብ አብሮ ጮኸ።

«የታለ አደረጃጀቱ?» አለ።

የዲምቱ ሙቀት ከአንገቴ ሥር ሲነሳ ተሰማኝ። መናኸሪያው ታየኝ፣ የቅዳሜው ልብስ ታየኝ፣ ባሌ ብቻውን ሲበላ ታየኝ። ከዚያ አፌ እኔን ሳያማክር ተከፈተ።

«ከዚህ በላይ አደረጃጀት የት አለ?» አልኩ። «ቀድሞ አራት ቡድን ነበሩ። አሁን ሁሉም በአንድ መሪ ሥር ገብተዋል።»

ርዕሰ መምህሩ በልሳን የምናገር መስሎት ዞሮ አየኝ።

«ይከፈት» አለ ሰውዬው። ቅርጫቱን ሁለቴ ተጫንኩት። አራቱም ፎልደሮች ተደርድረው ወጡ።

«አባላቱ ውስጥ አሉ?»

«አንድም አልቀረ።»

«መረጃቸው ተይዟል?»

አንዱን ስጫነው ትንሽ መስኮት ወጣ። «አንብቢልኝ፤ መነጽሬን ቢሮ ረስቻለሁ» አለኝ። ጌታ ይመስገን፣ መነጽሩን ባስረሳው መልአክ ላይ በረከት ይውረድ! እኔም አነበብኩለት። አልዋሸሁም። «ከየት እንደመጣ ይላል። መቼ እንደተፈጠረ ይላል። እዚህ የገባበትንም ቀን ይላል።»

«መቼ ገባ?»

«ዛሬ ጠዋት።»

«ትኩስ አባል ነዋ!» ብሎ ከበጀት ውጪ ፈገግ አለ። «መሪው ማን ይባላል?»

«ቅርጫት።»

«ቅርጫት» አለ ቃሉን እያጣጣመ። «ሁሉን አቃፊ ማለት ነው። ማንንም አይመርጥም?»

«የሰጡትን ሁሉ ይቀበላል።»

«የገባስ ይወጣል?»

«ካልፈቀዱለት አይወጣም።»

በዚህ ጊዜ ወጣቷ ባለሙያ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች። ስክሪኑን አየች፣ እኔን አየች፣ ከንፈሯን ነክሳ ወደ ጣሪያው ስታንጋጥጥ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ጎንበስ ብላ መጻፏን ቀጠለች። እግዜር ይስጣት እንጂ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

ሰውዬው ተነስቶ በየረድፉ ተዘዋወረ። ሰርቨሩ ላይ የጠፋው ከሁሉም ላይ ስለጠፋ ማሽኑ ሁሉ ባዶ ሰማያዊ ሆኖ አንዳንድ ቅርጫት ብቻ ይዟል። «ወጥ ነው!» አለ። «አንዱ ከአንዱ አይለይም! ይሄ ነው ምርጥ ተሞክሮ።» እጄን ሲጨብጠኝ ጣቶቼ ተጣበቁ።

የዚያን ዕለት ርዕሰ መምህሩ ለመምህራኑ ሁሉ ሥጋ ጋበዘ። ዳጣውን እያጠቀስኩ፣ ዓይኔ በበርበሬው ብቻ እየቀላ፣ እንደዚያ ቀን በልቼ አላውቅም። ፎልደሮቹን ላወጣቸው ስነሳ ግን «እንዳትነካ! የተመሰገነ ነው» ብሎ ከለከለኝ። ለተማሪዎቹ በስውር ሌላ ሾርትከት ሠራሁላቸው፤ ሰርቨሩ ላይ ግን «ቅርጫቱን ባዶ ማድረግ ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ለጥፌ ተውኩት። ማታ ለባሌ ሁሉንም ነገርኩት። አልጋው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀና «በይ እንግዲህ፣ ከሶዶ የሚነቅልሽ የለም» አለኝ። አቤት ደስታዬ! መጋረጃ እንኳ ገዛሁ።

ብዙም ሳይቆይ ርዕሰ መምህሩ እጆቹን ዘርግቶ ክፍሌ ገባ። «እንኳን ደስ አለህ!» አለኝ። «ተሞክሮው ይስፋ ተብሏል። ሰርኩላር ደብዳቤው ለሁሉም ትምህርት ቤት ወጥቷል። ማስፋቱን እንድትመራ የተመደብከው አንተ ነህ።»

«የት ነው የሚሰፋው?» አልኩ። ልቤ ቀድሞ አውቆታል።

«መጀመሪያ ዲምቱ።»

«የሚዛወረው ካልተደራጀ ብቻ ነው ብለውኝ ነበር እኮ!»

«ሰርቨሩ አይሄድም። የሚሄደው ተሞክሮው ነው።»

«ተሞክሮው በምን ይሄዳል?»

ትንሽ አሰበ። «በሚኒባስ» አለኝ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ብወድቅ ዲምቱ፣ ባልፍም ዲምቱ! ክፍሉን ዘግቼ ጮክ ብዬ አለቀስኩ፤ በዚያን ጊዜ ማንም ስክሪኑን አላማም። ባሌ ሻንጣዬን ተሸክሞ መናኸሪያ ሸኘኝ። «ቅዳሜ እኔ እመጣለሁ» ሲለኝ «ቅዳሜ ልብስ ማጠቢያ ነው» አልኩትና ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። በዴሳን እስካልፍ ድረስ አጠገቤ የተቀመጡት እናት መሀረባቸውን አበደሩኝ።

የዲምቱ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር አዲስ ሰው ነበር። በር ድረስ ሮጦ «ሳሮ! ሳሮ!» ብሎ በወላይትኛ ሰላምታ ሰጥቶ አቀፈኝ። «ሰርኩላሩ ደርሶናል። ምን ብለን እንጠብቅሽ፣ ሳትመጪ ተግብረነዋል!» አለ። ወደ ኮምፒውተር ክፍሉ ይዞኝ ገባ። ኮምፒውተሮቹ ጥቂት ናቸው፤ ሁሉም ላይ አንዳንድ ቅርጫት ብቻ ይታያል።

እውነቱን ልናገር፣ በደስታ ልጮህ ምንም አልቀረኝም። እነሱ ከጨረሱ የኔ ሥራ አለቀ ማለት ነው! የገባውን መልሼ አወጣለሁ፣ ተተግብሯል ብዬ ሪፖርት አደርጋለሁ፣ በከሰዓቱ ሚኒባስ ተመልሼ እራቴን ከባሌ ጋር እበላለሁ። ሻንጣዬን እንኳ መሬት አላስቀመጥኩም። በአንድ እጄ ማውዙን ይዤ ቅርጫቱን ከፈትኩት።

ነጭ። ባዶ።

«አባላቱስ?» አልኩ።

«ሞልቶ አላስገባ ሲለን ምክትሌ አጸዳው። አላስፈላጊውን አስወግድ የሚለውን የካይዘን ሥልጠና ወስዷል» አለ በኩራት።

«የጸዳው ሾርትከቱ ብቻ ነው አይደል?» አልኩት። «ደወሉ ብቻ ነው? ቤቱ አለ?»

«የምን ደወል? ፕሮግራሙም፣ ሰነዱም፣ የተማሪ ውጤቱም፣ ሁሉም ገብቷል። ያልተደራጀ አንድም አላስተረፍንም።»

ሻንጣዬን አስቀመጥኩና ላዩ ላይ ተቀመጥኩ። የእያንዳንዱን ማሽን ፕሮግራም እንደ አዲስ መጫን፣ የሁሉንም ተማሪ ውጤት ከወረቀት ላይ እንደ አዲስ መጻፍ፤ ዓመቱ ራሱ የሚበቃ አልመሰለኝም። መጀመሪያ ሳቅኩ። ሳቁ አልቆም ሲለኝ ለቅሶ ሆነ፣ እንደገና ሳቅ ሆነ፤ ሰውዬው ደንግጦ ውኃና አንድ ማንጎ አመጣልኝ። ከውጭ የሚኒባስ ጥሩምባ ተሰማ።

«እሱ ወዴት ነው የሚሄደው?» አልኩት።

«ሶዶ ነበር» አለኝ በመስኮቱ እያየ። «የዛሬው መጨረሻ እሱ ነው፤ ሄደ እኮ።»